ነጭ በነጭና የልጆቿ ትራስ

የወንድሜን ሚስት በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። የገዛ እናቷ እንኳ ስትደውል «ነጭ በነጭ አለች ወይ?» ነው የምትለው። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ላውንደሪ ቤቷ ከኔ ፀጉር ቤት ፊት ለፊት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ እሷን ከመስማት ሌላ አማራጭ የለኝም። ደንበኛ ልብሱን ታቅፎ ገና በሩን ሲገፋ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ነጩን በነጭ፣ ቀለሙን ለብቻ» ትለዋለች። አንዴ አንዱ ሰውዬ ሚስቱ ጥላው እንደሄደች ሊነግራት እንባው ግጥም ብሎ ሳለ፣ «እሱን እንደርስበታለን፣ መጀመሪያ ካልሲህን ከሸሚዝህ ለይልኝ» ብላዋለች። ሰውዬው እያለቀሰ ለየ። በመስኮት ሆኜ አይቻለሁ።

ሁለታችንም ሰፈሩን እናውቀዋለን፤ እኔ ከፀጉሩ፣ እሷ ከልብሱ። ማን እንደከሳ፣ ማን ሥራ እንደፈታ፣ የማን ባል ኮሌታ የማንን ሽቶ እንደሚሸት ታውቃለች፤ ግን ትንፍሽ አትልም። እኔ ደግሞ ብዙውን አላውቅም፤ ግን አወራለሁ። እንዲህ ተስማምተን ነው የኖርነው።

ከልጅነቷ ጀምሮ የሰው ልብስ ስታጥብ ነው ያደገችው። መጀመሪያ በሳፋ፣ ቀጥሎ ሆቴል ተቀጥራ፣ በኋላ በራሷ ማሽን። ማሽኗ አሮጌ ነው፤ ልብስ ሲጨምቅ እንደ ሰካራም ግድግዳ እየገፋ ይሄዳል። እጇን በረኪና በልቶት የጣቶቿ ጫፍ ምንም መስመር የለውም። ሰፈሩ በሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ክው ያለው ወንድሜን ያገባች ጊዜ ነው። ወንድሜ በያጅ ነው። የማሽኗ እግር ተሰብሮ ሊበይድላት ሄዶ ነው የተገናኙት፤ ቱታው ላይ ያለው ዘይት ቢጨመቅ መኪና ያስነሳል። እድፍን እንደ ጠላት የምታይ ሴት የሰፈሩን አንደኛ እድፋም አገባች። ቆይቼ ጠየቅኳት።

«ሌላው ንጹሕ መስሎ ይመጣና ሲታጠብ ነው ጉዱ የሚወጣው» አለችኝ። «ወንድምሽ ያለው ሁሉ ከላይ ነው።»

ሁለት ወንዶች ወለዱ። ትልቁን አለቃ እንለዋለን፤ መራመድ ሳይችል ማዘዝ ችሏል። ትንሹን ጭራ እንለዋለን፤ ከወንድሙ ኋላ አይጠፋማ። አለቃ ሽንት ቤት ከገባ ጭራ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በአንድ አልጋ፣ በአንድ ትራስ ነው የሚተኙት። ሁለተኛ ትራስ ቢገዛላቸው ለመዋጊያ አዋሉት።

አለቃ በጣቱ ጫፍ የሚራመድ ልጅ ነበር። ከመሬት ሲነሳ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ጉልበቱን፣ ጭኑን እየተደገፈ፣ በራሱ ላይ እየወጣ ነው የሚነሳው። ባቱ ግን ድፍን ያለ፣ ወፍራም ነው። ወንድሜ ለመጣ ሰው ሁሉ ሱሪውን እየሰበሰበ ያሳይ ነበር። «ባቱን እዩልኝ፤ ይሄ ልጅ ኳስ ተጫዋች ነው የሚሆነው።»

አለቃ መውደቅ ሲያበዛ ትልቁ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ያየችን ዶክተር መጀመሪያ የያዘችው ያንኑ ባት ነው። ጫን ጫን አደረገችው። ዶክተሯ ስትናገር ቃል ከቃል እስኪገናኝ ሻይ አፍልተሽ ትደርሻለሽ፤ እኔ «ቀስ በቀስ» ነው የምላት፤ ፀጉር ቤት ሆኜ ሳስመስላት ደንበኞቼ ፀጉራቸው በቢጉዲ እንደተጠቀለለ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። የዚያን ዕለት ግን ቀስ ማለቷ አላሳቀኝም።

«ይሄ… ጉልበት አይደለም» አለች። «ጡንቻው እየተበላሸ… በቦታው ስብ እየገባ ነው… የወፈረው።»

ወንድሜ የልጁን ሱሪ ወደ ታች ጎትቶ ሸፈነው። ከዚያ ወዲህ የልጁን ባት ለሰው አሳይቶ አያውቅም።

ትንሹም ተመረመረ፤ እሱም አለበት። በሽታው በእናት በኩል የሚመጣ ነው፤ እናትየውን ምንም አያደርጋት፣ ወንዶች ልጆቿ ላይ ነው የሚወጣው። «የማንም… ጥፋት አይደለም» አለች ቀስ በቀስ። ነጭ በነጭ ግን መዳፏን ገልብጣ ታየው ጀመር፤ የሆነ ነገር ያቀበለችበት ይመስል።

እንግዲህ ስለ መድኃኒቱ የሰማነው ያን ጊዜ ነው። እኔ ሰባተኛን ሳልጨርስ ነው ትምህርት የተውኩት፣ ስለዚህ የገባኝን ነው የምነግራችሁ። ዶክተሯ ወረቀት ላይ ክብ ሠራች፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ትንሽ ክብ። የተጠበሰ እንቁላል ነው የሚመስለው።

«ይሄ ህዋስ ነው። ጡንቻ ማለት የነዚህ ክምችት ነው። መሀሉ ደግሞ አስኳሉ። ሰውነት ምን እንደሚሠራ የተጻፈው እዚያ ነው። የልጆቻችሁ ጽሑፍ አንድ ቦታ ላይ ተበላሽቷል፤ ጡንቻን አጥብቆ የሚይዘው ነገር አይሠራላቸውም። እኛ ትክክለኛውን ጽሑፍ አሳጥረን አዘጋጅተናል። ችግሩ እሱን ማዘጋጀቱ አይደለም፤ አስኳሉ ውስጥ ማስገባቱ ነው።»

«ይዋጡታዋ» አልኩ።

«ቢዋጥ ሆድ ይፈጨዋል። እንዲሁ ራቁቱን ደም ውስጥ ብንለቀው ይበጣጠሳል። ቢተርፍ የህዋሱ ግድግዳ አያስገባውም። እሱን ቢያልፍ አስኳሉ የራሱ ግድግዳ አለው። እዚያ ካልገባ ደግሞ ማንም አያነበውም።»

«ታዲያ ማነው ይዞት የሚገባው?» አለ ወንድሜ።

«ቫይረስ» አለች።

ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ፈጥና ነው የተናገረችው። ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። ወንድሜ አለቃን ከጭኑ ላይ ሳብ አድርጎ ወደ ደረቱ አስጠጋው። ነጭ በነጭ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሰው ልጁን ለማዳን ቫይረስ ያስወጋል?» አልኩ።

ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ እንደኔ ያለ ሰው ብዙ አይታለች መሰለኝ። ቫይረሱ ጉዳት የማያደርስ ነው፣ ውስጡንም አውጥተን ጥለነዋል፣ የቀረው ቅርፊቱ ነው አለች። መንገዱን የሚያውቀው ቅርፊቱ ነው፤ በህዋሱ በር ገብቶ፣ ውስጥ ለውስጥ ሄዶ፣ አስኳሉ ውስጥ ጭነቱን ያራግፋል። ሌባው ወጥቶ ካፖርቱን መልእክተኛ ለበሰው እንደ ማለት ነው አልኩ ለራሴ፤ እስካሁንም ከዚህ የተሻለ አልገባኝም።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለች። «ሰውነት ዘበኛ አለው። ቅርፊቱን አንዴ ካየ መልኩን አይረሳም፤ ሁለተኛ ሲመጣ መንገድ ላይ ይይዘዋል። መድኃኒቱ ይባክናል፣ ልጁም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በሕይወት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። ዘበኛው ቅርፊቱን አስቀድሞ ለሚያውቅ ልጅ ደግሞ አይሰጥም።»

የአለቃ ደም ተመረመረ፤ ዘበኛው ምንም አያውቅም። ጭራ ግን መድኃኒቱ ለሚሰጥበት ጥናት ገና ሕፃን ነው፣ ኪሎውም አይሞላም፤ ተራው ሲደርስ ደሙን እናየዋለን ተባለ። አለቃ መድኃኒቱን በጉሉኮስ ወሰደ። ነገሩ አለቀ ብለን ስንነሳ ዶክተሯ ነጭ በነጭን ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት።

ለተወሰኑ ሳምንታት የቅርፊቱ ብናኝ ከልጁ በምራቁ፣ በሽንቱ፣ በሰገራው ይወጣል አለቻት። ትንሹ ወንድሙ ከነካው የሱም ዘበኛ መልኩን ሊይዝ ይችላል። ያኔ ተራው ሲደርስ በሩ ይዘጋበታል። ስለዚህ ልጆቹ እንዲለያዩ። ብርጭቆ፣ ማንኪያ፣ ፎጣ፣ አልጋ፣ ምንም እንዳይጋሩ።

«ለያይተሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ?» አለቻት።

እኔ ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ከሰው ሁሉ መርጣ የጠየቀቻት እሷን።

ጭራ ከኔ ጋር ሆነ፤ ቤቴ ከፀጉር ቤቴ ጀርባ ነው። ነጭ በነጭ የአለቃን ልብስ በጓንት እያነሳች፣ በበረኪና እየዘፈዘፈች፣ በፈላ ውሃ እያጠበች፣ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ልብሷን ቀይራ ነው ጭራን ለማየት መንገድ የምትሻገረው። የሆስፒታሉ ነርስ ቤታቸውን ልታይ መጥታ ነበር፤ አፍንጫውን በሁለት ጣት እንደያዘ ሰው ነው የምታወራው። «እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የኛም ክፍል የለ» ብላ ሄደች። ነርሷን አስመስዬ ለነጭ በነጭ ሳሳያት ሳቀች። ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው መሰለኝ።

ልጆቹ ግን ፊት ለፊት ናቸው። አለቃ በላውንደሪው መስታወት፣ ጭራ በፀጉር ቤቱ መስታወት፣ መሀላቸው መንገድ። አለቃ ምላሱን ሲያወጣ ጭራ ያወጣል፤ አለቃ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ሲደፈጥጥ ጭራም ይደፈጥጣል። ደንበኞቼ መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ግን ወንበር አዙሩልን አሉ። በስልክ ስናገናኛቸው አይነጋገሩም፤ እየተነፈሱ ይደማመጣሉ። ጭራ ምግብ ቀነሰ። እንቅልፍም እንቢ አለ፤ ትራሱን ያገላብጥ ያገላብጥና ወርውሮት ያለቅሳል። ተሸክሜው ዞርኩ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ አስመሰልኩለት፣ ወይ ፍንክች። ለእናቱ ነገርኳት።

በማግስቱ ልብሱን ይዛ መጣች፤ ሁሉም በካውያ የተተኮሰ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ። ትራስም አመጣች፤ ልብሱ ነጭ፣ ቁልፎቹ ድርድር ብለው የተቆለፉ። የዚያን ዕለት ጭራ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ እንደ ድንጋይ ተኛ። ከዚያ በኋላ ምግብም በላ። እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ «በኔ ሾርባ ነው» እያልኩ ጎረርኩ።

ጊዜው አለቀ፣ ልጆቹ ተገናኙ። ተቃቅፈው መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ቀጥ ያልነው። አለቃ ከመሬት ተነሳ። ጭኑን ሳይደገፍ፣ በራሱ ላይ ሳይወጣ፣ ዝም ብሎ እንደ ማንኛውም ልጅ ተነሳ። ወንድሜ የያዘው ብርጭቆ ከእጁ ወድቆ ተሰበረ፤ ማንም ወደ ስብርባሪው አላየም። «ምን ሆናችሁ?» አለን አለቃ፤ እሱ ምንም አላወቀ። ነጭ በነጭ ወደ ጭራ ዞራ ነበር፤ ጭራ ወንድሙን ሊከተል ጉልበቱን ይዞ፣ ጭኑን ይዞ፣ እየቧጠጠ ይነሳል።

ስለዚህ የጭራ ተራ ሲደርስ ምን ያህል እንደጠበቅነው አስቡት። ደሙን ሰጠን። ዶክተሯ ለውጤቱ ጠራችን፤ ወንበር ስባ ከፊታችን ተቀመጠች።

«ዘበኛው… ያውቀዋል» አለች። «ልንሰጠው… አንችልም።»

ቀጥላ ጠየቀች፤ ልጆቹ በዚያን ጊዜ ተገናኝተው ነበር?

«በጭራሽ» አለ ወንድሜ።

«እኔ እናቴ ትሙት» አልኩ። «በመስታወት ነው የሚተያዩት።»

ዶክተሯ ከየት እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል፣ ከውጭም ሊይዘው ይችላል እያለች ታስረዳለች፤ ነጭ በነጭ ግን ዓይኗ ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ ያለች አንዲት የቀለም ጠብታ ላይ ተተክሏል። ላውንደሪው እንደደረስን ቀጥታ ወደ ጓዳ ገብታ የልጆቹን ትራስ ይዛ ወጣች። የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ቁልፎቹን ፈታች። ነጩን ልብስ ገፈፈችው።

ከሥሩ ሌላ የትራስ ልብስ አለ። የድሮው፣ ልጆቹ አብረው የሚተኙበት፣ ሰማያዊ መስመር ያለው። አንደኛው ጫፉ ላይ የደረቀ የምራቅ ቢጫ ክብ አለበት።

«ይሄን አላጠብኩትም» አለች። «ከአለቃ አልጋ ላይ ነው ያነሳሁት።»

ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። እድሜ ልኳን የሰፈሩን እድፍ ስታሳድድ የኖረች ሴት፣ አንድ ነገር ሳታጥብ ቀረች፣ እሱም ይሄ ሆነ። ልጇ በመስታወት ሲያለቅስ ስታይ፣ የወንድሙ ሽታ ብቻ ይድረሰው ብላ ነው። ከላይ ንጹሕ ያለበሰችው እኔ እንዳላይ ነው።

ወንድሜ ጨርቁን በጣቱ ጫፍ ነካው። «ለምን አላጠብሽውም?» አለ፣ ድምፁ ሳይጮህ።

«ከታጠበማ ሽታው ይጠፋል።»

ቱታውን ከሚስማሩ አውርዶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚበላውም፣ የሚያድረውም፣ ሁሉም ነገር ብየዳ ቤቱ ሆነ። አልሰደባትም፤ ቢሰድባት ይሻል ነበር። ሳያናግራት ብቻ ቀረ። ልጆቹን ሊያይ ሲመጣ እሷ ወደ ጓዳ ትገባለች።

እሷም እንዳልነበረች ሆነች። ጭራን መሳም ተወች። ሲያቅፋት እጇን ወደ ላይ ታነሳለች፤ እጇ ሊጥ የያዘ ሴት ልብስ እንዳይነካባት እንደምታደርገው። ምግብ በጓንት ማቅረብ ጀመረች። አንድ ቀን ፀጉር እያጠብኩ ሳለ ጭራ መንገዱን ተሻግሮ መጣና ቀሚሴን ሳበኝ።

«አክስቴ፣ እኔ ቆሻሻ ሆንኩ እንዴ?»

«ማን አለህ?»

«እማዬ በጓንት ነው የምትይዘኝ።»

የደንበኛዬን ጭንቅላት ከነአረፋው ትቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ልቆጣት ነበር የሄድኩት። ደጅ ላይ አንሶላ የምታጥብለት ሆቴል ሾፌር ቆሟል፤ እጁ ላይ ያለው የአንሶላ ቁልል ሮዝ ነው። ሁሉም ሮዝ። ሾፌሩ ደግሞ አፉን ከፍቶ አንዴ አንሶላውን አንዴ እሷን ያያል። ነጭ በነጭ ቀይ ካልሲ ከሆቴል አንሶላ ጋር ዘፍዝፋለች። በሞትኩት፣ የሰፈሩ ሰው ቤት ተቃጠለ ቢባል እንደዚያ አይደነግጥም። ቁጣዬ እዚያው ደጅ ላይ ቀረ።

«እንዲህ ሆኜ አልቆይም» አለችኝ ሾፌሩ ሲሄድ። «ሆስፒታል እሄድና ለዶክተሯ እነግራታለሁ። ሌላ እናት እንዳትሠራው ታውቀው።»

«ምን ይጠቅማል?»

«አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?»

ሄድን። የትራሱን ልብስ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ላስቲኩን በሌላ ላስቲክ ጠቅልላ ይዛዋለች። ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና ቆማ ተናገረች፤ እንደ ጥፋተኛ። ዶክተሯ ብዕሯ በእጇ እንዳለ ቀረች። ብዙ ጉድ የሰማች ሴት ናት፣ የዚያን ቀን ግን ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ላስቲኩን ሳትፈታ መልሳ ሰጠቻት።

«ከዚህ ጨርቅ… ምንም ማወቅ አልችልም» አለች። ከዚያ እንደ መቆም ብላ ተቀመጠች። «ግን ከትንሹ… የመጀመሪያ ቀን የወሰድነው ደም አለ። በሽታውን ለማረጋገጥ የወሰድነው። የተረፈው… በረዶ ውስጥ መኖር አለበት።»

ያ ደም የተወሰደው አለቃ መድኃኒቱን ሳይወስድ በፊት ነው። ገባችሁ አይደል? እዚያ ደም ውስጥ ዘበኛው ቅርፊቱን የማያውቅ ከሆነ፣ ያስተማረው ትራሱ ነው ማለት ነው፤ እሷም እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ትሸከመዋለች። እኔ እንዲያውም እንዳይመረመር ፈለግሁ። ባይታወቅ ይሻላል አልኳት ደረጃው ላይ። «ልወቀው» አለች። «የማላውቀውን እድፍ በምን አጥበዋለሁ?»

ውጤቱ ደረሰ ሲባል ለወንድሜ ነገርኩት። የብየዳ ጭንብሉን ፊቱ ላይ እንደደፋ አዳመጠኝ፤ አልመጣም። ሁለታችን ሄድን።

ቀስ በቀስ የዚያን ዕለት በሩ ላይ ጠበቀችን። ሳንቀመጥ ተናገረች።

«ያኔም ነበረው። ወንድሙ መድኃኒቱን ሳይወስድ በፊት። አሁን ካለው ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ከትራሱ አይደለም።»

ያ ቫይረስ፣ ከነውስጡ ያለው፣ እንዲሁ በዓለም ላይ የሚዞር ነገር ነው አለችን። ሰው ሳያመው፣ ሳያውቀው ይይዘውና ይሄዳል፤ ብዙ ሰው ዘበኛው ያውቀዋል። ጭራ ከየት እንዳገኘው ማንም አይነግረንም፤ ከታክሲ ይሁን፣ ከጎረቤት ልጅ ይሁን፣ ከኔ ይሁን።

እኔ አለቀስኩ። ነጭ በነጭም ታለቅሳለች፣ ትወድቃለች ብዬ ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። አልወደቀችም። ዶክተሯን ታያታለች፤ ፊቷ ቀስ እያለ ይቀላል። እንደዚያ ደንግጣ አይቻት አላውቅም፤ የመጀመሪያው ውጤት ቀን እንኳ።

«ታዲያ ለምን ለያያችኋቸው?» አለች።



«ያኔ አልመረመርነውም። ምርመራው ተራው ሲደርስ ነው የሚደረገው» አለች ዶክተሯ።

«ደሙ እጃችሁ ላይ ነበር።»

«አዎ።»

«ያ ሁሉ ሳምንት። በመስታወት። በሩ ድሮውኑ ተዘግቶ እያለ።»

ዶክተሯ ልትከራከር አፏን ከፈተች መሰለኝ፤ ከዚያ ተወችው። «አዎ» አለች ደግማ። «ከአሁን በኋላ ወንድማማቾችን መጀመሪያ እንመረምራለን። ለናንተ ግን… ዘግይቷል። ይቅርታ።» ዶክተር ይቅርታ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሱን ማስመሰል አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር።

ከሆስፒታል ቀጥታ ብየዳ ቤት ሄደች። እኔ ደጅ ቀረሁ፤ ግን ጆሮዬን ታውቁታላችሁ። «ከትራሱ አይደለም» አለችው። ብየዳው ቆመ። አጮልቄ ሳይ፣ ወንድሜ ጭንብሉን አላወለቀም፤ ከጭንብሉ ሥር በአገጩ ላይ ጥላሸቱን እያጠበ የሚወርድ ውሃ አለ። እሷ በባዶ እጇ፣ ያለ ጓንት፣ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግለታለች። የቀሚሷ ቀለም ነጭ ነበር።

ለጭራ ሌላ መድኃኒት አለ። ይሄኛው ቅርፊት የለውም፤ አጭር ቁራጭ ነገር ነው፣ ብቻውን ነው የሚጓዘው። ከሚሰጠው ውስጥ አስኳል የሚደርሰው ጥቂቱ ነው፤ እዚያ ሲደርስ የተበላሸው ቦታ እንዲዘለል ያደርጋል እንጂ አዲስ ጽሑፍ አይሰጥም። ስለዚህ አንዴ ወስዶ መገላገል የለም፤ በየሳምንቱ በጉሉኮስ፣ ምናልባት ዕድሜ ልክ። የወንድሙን ያህል እንደሚሠራ ማንም ቃል አልገባልንም። ነጭ በነጭ ሁለት ጊዜ አላሰበችም።

የመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ሄድን። አለቃ አልጋው ላይ ወጥቶ ከጭራ ጎን ተኛ፤ ማን ያስወርደው። ጭራ ትራሱን ይዞ መጥቷል፤ ያንኑ ባለ ሰማያዊ መስመር፣ አሁን ከላይ ምንም ሳይለብስ። አፍንጫውን እንደያዘ ሰው የምታወራው ነርስ መርፌውን አስተካክላ ጎንበስ ስትል ቢጫውን ክብ አየችው።

«እናቱ» አለች፣ «ይሄ የትራስ ልብስ መታጠብ አለበት።»

አለቃ እናቱን አየ። ጭራ ትራሱን ጠበቅ አደረገው። እኔና ወንድሜ ደግሞ ነጭ በነጭ ምን እንደምትል ጠበቅን፤ ዕድሜ ልኳን ከዚህ ዓረፍተ ነገር ጋር ተጣልታ አታውቅም።

«ይሄ አይታጠብም» አለች፣ ወንበሯንም ወደ አልጋው ሳበች።